ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው አውራ ጎዳናና በግራ በቀኙ የሚኖረው ባላገር

መንገድ የሌለው አገር በር የሌለው ቤት ይመስላል። በውስጡ ሀብት ቢኖር ወደ ውጭ አይወጣም፤ ችግር ቢገባበትም ከውጭ ረዳት አይደርስለትም። ስለዚህ ጥንትም ሆነ ዛሬ አገርን ለማልማት የሚያስብ ሁሉ አስቀድሞ መንገድን ያስባል። ነገር ግን በር መኖሩ ብቻ ቤተ ሰቡን እንደማያጠግበው ሁሉ፥ መንገድ መዘርጋቱ ብቻ ባላገሩን አያጠግበውም። በበሩ የሚወጣው ምንድን ነው? የሚገባውስ ምንድን ነው? በጓዳ ያለውስ ሰው ወደ በሩ መድረስ ይችላልን? ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል። ይህን ጥያቄ ለመመርመር፥ በወሎ ምድር ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን አውራ ጎዳና የሚያህል አስተማሪ በቀላሉ አይገኝም። ይህ መንገድ ጥጋብንም ረሀብንም፥ ሰላምንም ጦርነትንም አይቷልና።

መንገዱና የሚያልፍበት አገር

ደሴ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ በጦሳ ተራራ ሥር፥ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ በሚሆን ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ስሟን ያወጡላት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እንደ ሆኑ በአገሩ ይነገራል። ከዚያ ወዲህ ንጉሥ ሚካኤል የወሎ መናገሻ ስላደረጓት፥ ከየአቅጣጫው የሚመጣው የነጋዴ መንገድ ሁሉ ወደ እርሷ ይገሠግሥ ጀመር።

በደሴ ከተማ ሆጤ በሚባለው ሰፈር የሚኖር ሰው፥ በማዕዱ ላይ የቀረበለትን ምግብ አይቶ መነሻውን ቢጠይቅ፥ መንገዱ ለከተማው ምን እንደሚያመጣ ወዲያው ይረዳዋል። ገብሱና ባቄላው በጉጉፍቱ በኩል ካለው ደጋ የመጣ ነው። ማሽላው ከቃሉ ወረዳ ቆላ የወጣ ነው። ጤፉ ከወይና ደጋው፥ ሽንኩርቱና ቲማቲሙ በወንዝ ዳር ከሚለማው መስኖ፥ ዓሣው ከሐይቅ፥ ጨውም ከአፋር ምድር የተነሣ ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ገበታ ላይ የሚገናኘው መንገድ ስላለ ነው። ከእነዚህ ከአምስትና ከስድስት ስፍራዎች የአንዱ መንገድ ሲዘጋ ግን የሆጤ እመቤት በመሶቧ ሳይቀር ታውቀዋለች።

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚወርደው መንገድ ኮምቦልቻ ለመድረስ የሚፈጅበት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሆኖም በዚህ አጭር ጕዞ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። በሐረጎ ተራራ ወገብ ላይ እየተጠማዘዘ ሲወርድ፥ ከላይ ያለው መኪና ከታች ያለውን ከራሱ እግር ሥር ያየዋል። ከደሴ ሸለቆ የሚነሣው የቦርከና ወንዝም በበኩሉ ቁልቁል ወርዶ የኮምቦልቻን ሜዳ ያቋርጣል። የአየር ጠባይን የሚመረምሩ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፥ ከፍታው በ100 ሜትር ዝቅ ባለ ቁጥር ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይጨምራል። ስለዚህ ደሴ ላይ ጋቢ ደርቦ የተነሣ መንገደኛ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት በኮምቦልቻ ሲደርስ ጋቢውን አውልቆ በክንዱ ይይዛል። በአንድ ሰዓት ጕዞ ውስጥ የገብስ አገር አልቆ የማሽላ አገር ይጀምራል ማለት ነው። ሁለት የተለያየ ምርት ያላቸው አገሮች እንዲህ ከተቀራረቡ፥ ንግድ በመካከላቸው መኖሩ ግድ ነው። አንዱ ያጣውን ሌላው ያመርታልና።

ኮምቦልቻ የመንገድ መገናኛ ናት። አንደኛው መንገድ ወደ ደቡብ ሐርቡን አልፎ፥ በጨፋ ረግረግ ዳር አድርጎ፥ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ወደ ከሚሴ፥ ከዚያም በሸዋ ሮቢትና በደብረ ብርሃን አድርጎ ወደ አዲስ አበባ ይዘልቃል። ሁለተኛው ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ባቲ ይደርስና ወደ አፋር በረሓ ወርዶ በሚሌ ከጅቡቲ መንገድ ጋር ይጋጠማል። ሦስተኛው ወደ ደሴ ወጥቶ፥ በሐይቅና በውጫሌ በኩል ወደ ወልድያና ወደ ትግራይ ይሄዳል። በእነዚህ መንገዶች ዳርና ዳር አማራው፥ ኦሮሞውና አፋሩ፥ ክርስቲያኑና እስላሙ ጎን ለጎን ይኖራሉ። በየሰኞው በሚቆመው በባቲ ገበያ የደጋው ሰው እህሉን፥ የቆላው ሰው ግመሉን፥ ፍየሉንና ጨውን ይዞ ሲገናኝ የታየ እንደ ሆነ፥ አገርን አንድ የሚያደርገው ጉዳይ በጉዳይ መፈላለግ መሆኑን ለማስረዳት ሌላ ንግግር አያሻም።

መንገዱ እንዴት እንደ ተሠራ

በቀድሞው ዘመን በዚህ አገር ጭነት የሚመላለሰው በአህያ፥ በበቅሎና በግመል ነበር። አንድ አህያ ግማሽ ኩንታል ያህል ይሸከማል፤ በቀንም ከ25 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። እንግዲህ ከደሴ እስከ አዲስ አበባ ሁለት ሳምንት የሚያህል ጕዞ ነበር። በዛሬው ጊዜ ተሳቢ ያለው አንድ የጭነት መኪና 400 ኩንታል የጫነ እንደ ሆነ፥ የ800 አህያ ሸክም በአንድ ጊዜ አነሣ ማለት ነው፤ ጕዞውንም በአንድ ቀን ይፈጽመዋል። አህያ በመንገድ ላይ ሳር ትበላለች፤ ነጂዋም ስንቅ ይበላል። በሩቅ አገር እህል ቢረክስ እንኳ፥ እስኪደርስ ድረስ የሚበላው ስንቅና የሚከፈለው የኬላ ቀረጥ ትርፉን ስለሚጨርሰው፥ እህል ከተወለደበት ወረዳ ርቆ አይሄድም ነበር። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበረው ክፉ ቀን፥ የከብት በሽታ በሬውን ፈጅቶ እርሻ በታጎለ ጊዜ፥ ሕዝቡ ያን ያህል ያለቀበት አንደኛው ምክንያት ይኸው ነበር።

ከወረራው በፊት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ መኪና በጭንቅ የሚያልፍበት ጥርጊያ መንገድ ነበረ። ጠላት ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴን በአውሮፕላን ከደበደበ በኋላ፥ ሚያዝያ 7 ቀን በዚያው ዓመት ከተማይቱን ያዘ። ኢጣልያኖች ወዲያው ከአሥመራ በደሴ አድርጎ አዲስ አበባ የሚደርሰውን፥ እንዲሁም ከአሰብ ወደብ ተነሥቶ በባቲ በኩል ኮምቦልቻ የሚገናኘውን መንገድ በድማሚት ተራራ እየናዱ ሠሩት። ከከሚሴ ወዲያ ባለው በጣርማ በር ተራራ ላይም ርዝመቱ ከ500 ሜትር የሚበልጥ ዋሻ በሱት። የመንገዱ ሥራ ብልሃት የታየበት መሆኑን ማንም አይክድም። ነገር ግን የተሠራው ለባላገሩ እህል መሸጫ ሳይሆን ለጦር ሠራዊት ማመላለሻና ለወራሪው ጥቅም መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ያም መንገድ በመጨረሻ ጠላትን አላዳነውም። ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. የደሴው የኢጣልያ ጦር፥ በዚሁ መንገድ ከደቡብ ለመጣው ለደቡብ አፍሪካ ጦር እጁን ሰጠ።

ከነጻነት በኋላ የታየው ነገር ለዛሬ ሹማምንትም ትምህርት ይሆናል። ያን ያህል ገንዘብ የፈሰሰበት መንገድ ጠባቂና ጠጋኝ በማጣቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ መበላሸት ጀመረ። ቦዩ በአፈር ተደፈነ፤ ድልድዩ ተሰነጠቀ፤ ጐርፍም የመንገዱን ጠርዝ በላው። ስለዚህ የኢትዮጵያ መንግሥት በመስከረም ወር 1943 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ 5 ሚሊዮን ዶላር ለመንገድ ሥራ ተበደረ። ይህም ባንኩ ለአፍሪካ አገር የሰጠው የመጀመሪያው ብድር ነው። በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት በአዋጅ ተቋቋመ። ዛሬ ሥራውን የሚያካሂደው የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ነው። ለጥገና የሚሆን ገንዘብ እንዳይጓደልም በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ፈንድ ቆመ። አብዛኛው ገንዘቡም ከነዳጅ ላይ ይሰበሰባል።

መንገድ ሳለ የደረሰ ረሀብ

እንግዲህ ወደ ነገሩ ራስ እንመለስ። መንገድ ካለ ረሀብ አይገባም ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር፥ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የሆነውን ያስታውስ። በ1964 ዓ.ም. የክረምቱ ዝናም ጐደለ፤ በ1965 ዓ.ም. ደግሞ የበልጉ ዝናም ቀረ። የወሎ ደጋ በበልግ ገብስ የሚኖር ብዙ ሕዝብ ስላለበት፥ የሁለቱ ወራት በተከታታይ መቅረት የሕዝቡን ጐተራ ባዶ አደረገው። ያን ጊዜ ረሀብተኛው ከየቀዬው እየወጣ በዚሁ በአውራ ጎዳና ዳር ተሰለፈ፤ የሚያልፈውንም መኪና እያስቆመ ምጽዋት ለመነ። መጠለያዎችም በመንገዱ ዳር ባሉት ከተሞች ተከፈቱ። በብዙ አሥር ሺሕ የሚቆጠር ሕዝብም አለቀ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ያነሣው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን በታየ ጊዜ፥ ተደብቆ የነበረው ነገር በዓለም ሁሉ ፊት ተገለጠ። በዚያው ዓመት አብዮቱ በፈነዳ ጊዜም፥ በመንግሥቱ ላይ ከቀረቡት ክሶች አንዱ ይህ ረሀብ ነበር።

እዚህ ላይ የሚያስደንቀው፥ ረሀቡ ከጸናባቸው ስፍራዎች ብዙዎቹ በአገሪቱ ካሉት ዋና ዋና መንገዶች አንዱ የሚያልፍባቸው መሆናቸው ነው። አማርትያ ሴን የተባለው ሕንዳዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ በ1973 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ነገር መርምሮታል። ያገኘውም እንዲህ የሚል ነው። በረሀቡ ዓመት በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እንደሚጠበቀው አልናረም፤ እንዲያውም እህል ከወሎ እየተጫነ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ ይሄድ ነበር። ይህ ሊሆን የቻለው ለምንድን ነው ቢሉ፥ ምክንያቱ ግልጽ ነው። የገበሬው ምርት ምግቡም ገንዘቡም ነው። ምርቱ በጠፋ ጊዜ የሚበላውን ብቻ ሳይሆን የሚገዛበትንም አጣ። ከሜዳው የሚኖረው አፋር ደግሞ ከብቱ በድርቅ አለቀበት፤ የተረፈውንም ለመሸጥ ሲወጣ የከብት ዋጋ ወድቆ፥ በፊት የሚገዛውን ያህል እህል ሊገዛበት አልቻለም። በአዋሽ ዳር የነበረው የድርቅ ጊዜ ግጦሹም ለሰፋፊ እርሻዎች ተወስዶበት ነበር።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት አጭር ነው። የጭነት መኪና የሚሄደው ረሀብ ወዳለበት ሳይሆን ገንዘብ ወዳለበት ነው። መንገድ በሁለት አቅጣጫ የሚሄድ ነገር ስለ ሆነ፥ ባላገሩ የመግዛት አቅም ሲኖረው እህል ያመጣለታል፤ አቅም ሲያጣ ግን ያለችውንም ጥቂት እህል ጭኖ ይሄዳል። ስለዚህ ሹም የሆነ ሰው «በወረዳዬ መንገድ ገብቷል» ብሎ ልቡን ማሳረፍ አይገባውም።

ከዚያ ወዲህ የታየው መሻሻል

በ1977 ዓ.ም. ረሀብ እንደ ገና በጸና ጊዜ፥ ከአሰብ ወደብ የተነሣው የእርዳታ እህል በባቲ በኩል ወደ ኮምቦልቻና ወደ ደሴ ይጓጓዝ ነበር። ነገር ግን እርዳታው ዘግይቶ፥ ጦርነትም ተጨምሮበት፥ ብዙ ሕዝብ አለቀ። እህል ከባሕር ማዶ እስኪመጣ ሲጠበቅ ጊዜ እንደሚያልፍ ስለ ታወቀ፥ የመጠባበቂያ እህል በአገር ውስጥ በየመንገዱ መገናኛ እንዲከማች ተደረገ። ከእነዚህም መጋዘኖች አንዱ በኮምቦልቻ ቆመ። ቦታው የተመረጠው በአጋጣሚ አይደለም። ከዚያ ተነሥቶ ሦስት አቅጣጫ መሄድ ስለሚቻል ነው። ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ የአሰብ መንገድ ቢዘጋም፥ በሚሌና በጋላፊ በኩል ያለው የጅቡቲ መንገድ ተተክቷል።

ሁለተኛው መሻሻል በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ነው። በዚህ ሥርዓት ዘወትር የምግብ እጥረት ያለበት ባላገር፥ እርከን በመሥራት፥ ኩሬ በመቆፈርና የቀበሌ መንገድ በመጥረግ በገንዘብ ወይም በእህል ደመወዝ ይቀበላል። ሥራ መሥራት የማይችለውም ያለ ሥራ ይረዳል። ይህ ማለት በ1965 ዓ.ም. ጠፍቶ የነበረው የመግዛት አቅም፥ ምንም ያህል ጥቂት ቢሆን፥ በባላገሩ እጅ ተመለሰ ማለት ነው። በ2008 ዓ.ም. እጅግ የበረታ ድርቅ ደርሶ በአገሪቱ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ አስቸኳይ የምግብ እርዳታ እንደሚያስፈልገው በታወቀ ጊዜ፥ ችግሩና ስቃዩ ብዙ ቢሆንም፥ እንደ 1966 እና እንደ 1977 ያለ እልቂት አልታየም። መንገዱ፥ መጋዘኑና በባላገሩ እጅ ያለው ገንዘብ ሦስቱ በአንድነት ሲገኙ የሚሠሩትን ሥራ አንዱ ብቻውን ሊሠራው አይችልም።

ሰላም ሲጠፋ ደግሞ ሦስቱም በአንድ ጊዜ እንደሚሰናከሉ በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ታይቷል። ያ ወር ለቆላውና ለወይና ደጋው የአጨዳ ወር ነበር።

ውሃ የመንገድም የእርሻም ጠላት ሲሆን

ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ያለው አገር ገደልና ተዳፋት የበዛበት ስለ ሆነ፥ በክረምት ናዳ ይበዛበታል። ከላይ ያለው ተራራ ሣርና ዛፍ በተገፈፈ ቁጥር፥ ውሃው ወደ መሬት መስረጉን ትቶ በገጽ ላይ ይሮጣል፤ አፈሩንም ይዞ የመንገዱን ቦይ ይደፍናል። ቦዩ በተደፈነ ጊዜ ውሃው በመንገዱ ላይ ይፈስሳል፤ ከዚያም በጠርዙ በኩል ገብቶ ሥሩን ይቦረቡራል። በጨፋ በኩል ደግሞ መሬቱ ዋልካ ነው። ዋልካ አፈር ሲርስ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በላዩ የተሠራውንም መንገድ ያወላግዳል። እንግዲህ በተዳፋት ላይ እርከን የሚሠራና ችግኝ የሚተክል ገበሬ፥ ሳያውቀው መንገድ ጠጋኝ ሆነ ማለት ነው።

ነገር ግን መንገዱም በበኩሉ ገበሬውን የሚጎዳበት ጊዜ አለ። በተራራው ላይ ተበታትኖ ይወርድ የነበረው ውሃ በመንገዱ ቦይ ተሰብስቦ በአንድ ቱቦ ሲወጣ፥ ከቱቦው ሥር ያለው ማሳ ብቻውን የብዙ ማሳ ጐርፍ ይቀበላል። በአንድ ክረምት ቦይ የመሰለው በሦስተኛው ክረምት ገደል ይሆናል። ገበሬውም ግማሽ ማሳውን በቦረቦር ያጣል፤ መንገዱንም እንደ ጠላት ማየት ይጀምራል። የዚህ መድኃኒቱ አስቸጋሪ አይደለም። ከቱቦው ሥር ድንጋይ መደርደር፥ ውሃውን በትናንሽ ቦዮች ከፋፍሎ ወደ ብዙ ማሳ መምራት፥ ወይም ወደ ኩሬ አግብቶ ለበጋ መስኖና ለከብት መጠጥ ማዋል ይቻላል። በቅርቡ ዘመን በትግራይና በአማራ ክልል በአንዳንድ ወረዳዎች ይህ ተሞክሮ ጥቅም ሰጥቷል። የሚያስፈልገው፥ የመንገድ መሐንዲሱና የእርሻ ባለሙያው ቱቦው ከመቀበሩ በፊት በአንድነት ቆመው ቦታውን መመልከታቸው ብቻ ነው። ቱቦው ከተቀበረ በኋላ የሚቀርበው አቤቱታ ለሁለቱም ወገን ውድ ነው።

ከአውራ ጎዳናው ርቆ ያለው ባላገር

በአስፋልቱ ዳር የሚኖረው ሰው የመንገዱን ጥቅም በዓይኑ ያየዋል። ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ሥራ ያገኛል፤ የሐርቡ ማሾና ሽንኩርት ከማሳ ዳር ተጭኖ ይሄድለታል፤ ልጁም ተማሪ ቤት፥ የታመመውም ሐኪም ቤት በቶሎ ይደርሳል። ከመንገዱ አራትና አምስት ሰዓት በእግር ርቆ በተራራ ላይ የሚኖረው ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ለምሳሌ ሁለት ኩንታል ገብስ የሚሸጥና አንዲት አህያ ያለችው የደጋ ገበሬ ይታሰብ። አህያይቱ ግማሽ ኩንታል ስለምትጭን፥ አራት ጊዜ መመላለስ ይኖርበታል። ሄዶ ለመመለስ አንድ ቀን ይፈጃል፤ ስለዚህ አራት የሥራ ቀን ያልፍበታል። ገበያ ከደረሰ በኋላ የቀረበለት ዋጋ ቢያንስ እንኳ፥ ጭነቱን መልሶ ወደ ተራራው መውሰድ አይቻለውም። ይህን ነጋዴው ያውቃል፤ ገበሬውም ነጋዴው ማወቁን ያውቃል። ስለዚህ ዋጋውን የሚቆርጠው ገብሱ ሳይሆን ርቀቱ ነው። ይኸው ገበሬ በታኅሣሥና በጥር ለዕዳና ለማዳበሪያ ክፍያ ብሎ በርካሽ የሸጠውን፥ በሐምሌና በነሐሴ በውድ ይገዛዋል። እህሉ በጐተራው ስድስት ወር ቢቈይለት የሚያገኘውን ትርፍ፥ በመንገድ ዳር መጋዘን ያለው ሰው ይወስደዋል።

በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው፥ ቀበሌዎችን ሁሉ ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት የታሰበው የገጠር መንገድ ሥራ፥ ይህን ርቀት ለማሳጠር የተወጠነ ነው። ሥራውም በብዙ ስፍራ ፍሬ ሰጥቷል። ሆኖም የቀበሌ መንገድ በሦስትና በአራት ክረምት በጐርፍ ተቈርጦ የቀረበት ቦታ ጥቂት አይደለም። የአውራ ጎዳናው ጥገና የመንግሥት መሥሪያ ቤትና በጀት አለው፤ የቀበሌው መንገድ ግን ብዙ ጊዜ ባለቤቱ አይታወቅም። በ1930ዎቹ ዓመታት በትልቁ መንገድ ላይ የደረሰው ነገር በትንንሾቹ መንገዶች ላይ እንዳይደገም መጠንቀቅ ያሻል።

ለሹማምንት የሚሰጥ ምክር

ከዚህ በላይ ከተነገረው የሚከተለው ተግባር ይወጣል።

1ኛ፤ ማናቸውም የቀበሌ መንገድ ከመሠራቱ አስቀድሞ ጠባቂው ማን እንደ ሆነና ቦዩ በየትኛው ወር እንደሚጠረግ በጽሕፈት ይወሰን። የተሻለው ጊዜ የክረምቱ ዝናም ሳይጀምር በግንቦት ወር ነው። በበልግ አገር ደግሞ በጥር መጨረሻ ሁለተኛ ጠረጋ ያስፈልጋል። አንድ ቀን የፈጀ የቦይ ጠረጋ የአንድ ወር የመንገድ ሥራ ያድናል።

2ኛ፤ ከመንገዱ በላይ ባለው ተዳፋት የሚደረገው የእርከንና የተከላ ሥራ አስቀድሞ ናዳ በሚበዛበት ቦታ ይጀመር። ከብት እንዳይገባበት የተከለለው ተራራ ሣሩ ታጭዶ ለባላገሩ በደንብ የሚካፈልበት ሥርዓት ካልተደረገለት፥ ክልሉ አይከበርም።

3ኛ፤ የደሴ፥ የኮምቦልቻ፥ የባቲና የከሚሴ ገበያ ዋጋ በየሳምንቱ ለየቀበሌው ይነገር። ዋጋውን አውቆ ከቤቱ የወጣ ገበሬ፥ በመንገድ ዳር በመጀመሪያ ለተገናኘው ነጋዴ እጁን አይሰጥም። የኅብረት ሥራ ማኅበር ባለበትም እህሉን በአንድነት አከማችቶ በአንድ መኪና ጭኖ መሸጥ የርቀቱን ዕዳ ያቀልላል።

4ኛ፤ ከእህል ዋጋ ይልቅ የእህልና የከብት ዋጋ ንጽጽር በጥንቃቄ ይመዝገብ። አንድ ፍየል ዛሬ ስንት ኪሎ ማሽላ ይገዛል? ባለፈው ወርስ ስንት ይገዛ ነበር? ይህ ቍጥር በተከታታይ እየወረደ ከሄደ፥ እህሉ በገበያ ሞልቶ ቢታይ እንኳ፥ ችግር በር ላይ መድረሱን ያመለክታል። በ1965 ዓ.ም. ዋጋን ብቻ የተመለከተ ሰው ረሀቡን ሊያየው አይችልም ነበር። ሰዎች ወደ አውራ ጎዳና ዳር ወጥተው በሚታዩበት ጊዜ ደግሞ ማስጠንቀቂያው አልፎ ጉዳቱ ደርሷል።

5ኛ፤ እንዲህ ያለ ምልክት የታየ እንደ ሆነ፥ ሹሙ የበላይ ይቀየመኛል ብሎ ነገሩን ማለዘብ አይገባውም። በኮምቦልቻ መጋዘን ያለ እህል በአንድ ቀን ወረዳው ሊደርስ ይችላል፤ የዘገየ ወሬ ግን በማናቸውም መንገድ ቢላክ በጊዜው አይደርስም። ረሀብን ከደበቀው ሹም ይልቅ ረሀብን አስቀድሞ የተናገረው ሹም አገሩን አገለገለ።

6ኛ፤ በበጋ ወደ ጨፋ ረግረግ ለግጦሽ የሚወርደው አርብቶ አደርና በዚያው የሚያርሰው ገበሬ እንዳይጋጩ፥ የከብቱ መውረጃና የማሳው ወሰን ከአዝመራ በፊት በሽማግሌዎች ይለይ። በመንገድ ላይ የሚነሣ ጠብ ገበያውን ይዘጋልና።

በሐረጎ ቁልቁለት ላይ ሌሊትና ቀን የሚመላለሰው የጭነት መኪና ለሚያየው ሁሉ የብልጽግና ምልክት ይመስላል፤ በእውነትም ምልክት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የመኪናው ብዛት ብቻ የባላገሩን ኑሮ አይናገርም። የመንገዱን ጥቅም መለካት የሚፈልግ ሹም፥ ከመኪናው ወርዶ፥ በተራራው መንገድ አራት ሰዓት በእግሩ ወጥቶ፥ ከአንድ የደጋ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ ይጠይቅ። ባለፈው ዓመት ከዚህ ቤት ምን ወጣ? በምትኩስ ምን ገባ? የወጣው እህል በሚገባው ዋጋ ተሽጦ፥ በሐምሌ ወር ጐተራው ባዶ ካልሆነ፥ ያን ጊዜ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው አውራ ጎዳና እውነተኛ መንገድ ሆነ፤ የወሎም ቤት በር አገኘ ማለት ይቻላል።